የፊርማ መርማሪው መኪና ምን አይቶ ተማረ?

ይህን ገጽ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነጭ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አንሡና ፊርማችሁን ዐሥር ጊዜ ፈርሙ። ሳትጨነቁ፣ በየቀኑ በመዝገብ ላይ እንደምታደርጉት አድርጋችሁ ፈርሙት። ከዚያም ዐሥሩን አስተያዩ። አንዱ ጅራቱ ረዝሞ፣ ሁለተኛው ራሱ ጠብቦ፣ ሦስተኛው ወደ ቀኝ አዘንብሎ ታገኙታላችሁ። ዐሥሩም የእናንተው ናቸው፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት አይገኙም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣው ጉዳይ ከዚሁ የሚነሣ ነው። እናንተን በመልክ የማያውቅ መርማሪ፣ ሰውም ይሁን ኮምፒዩተር፣ ዐሥራ አንደኛውን ፊርማ አይቶ «የራሱ ነው» ወይም «የሌላ ሰው ነው» ለማለት አስቀድሞ ምን ያህል፣ የምንስ ዓይነት ፊርማ ማየት ይገባዋል?

ይህ የቤተ ሙከራ ሰዎች ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚፈረመው ወረቀት እጅግ በዝቷል። ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከገሱባ የሚመጣው ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር፣ የንብረት ማውጫው ሰነድ፣ የዕድሩ ቃለ ጉባኤ ሳይቀር የሚቆመው በፊርማ ነው። ከሁሉ ይልቅ ወጣቱን የመንግሥት ሠራተኛ ሊያሳስበው የሚገባው የዋስትና ፊርማ ነው። አንድ ሰው የባልንጀራውን ፊርማ አስመስሎ በዋስትና ወረቀት ላይ ቢያኖርና ተበዳሪው ቢጠፋ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዙ የሚያዝበት ብዕር ያላነሣው ሰው ነው። በአንጻሩ ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ የገዛ ገንዘቡን ሊያወጣ የቆመውን ባለ ሒሳብ «ፊርማዎ አይመሳሰልም» ብሎ መመለስ ራሱን የቻለ በደል ነው። እነዚህን ሁለት ስሕተቶች እስከ መጨረሻው አትርሱብኝ።

«ፊርማ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ እንግዳ ነው። ነገሥታቱ ደብዳቤያቸውን ያጸኑ የነበረው በማኅተም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 1728 ተዋዋዩ በገዛ እጁ ይፈርም ዘንድ አዘዘ፤ መፈረም ለማይችለው የጣት አሻራን ፈቀደ፤ ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፈረመው ደግሞ በሚገባው ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ደነገገ። አንቀጽ 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ እንደማይረጋገጥ ይናገራል። ስለዚህ ያች የተጠማዘዘች መስመር ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ፊርማን በቍጥር ለመመርመር ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ለእኔ የሚጣፍጠው አሮጌው ነው። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ሲልቪያ አን ሀውላንድ የተባሉ ባለጸጋ እመቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ሞቱ። የወንድማቸው ሳይሆን የእኅታቸው ልጅ ሔቲ ሮቢንሰን «አክስቴ ሀብቷን ሁሉ ለእኔ ተናዛልኛለች» ብላ ወረቀት አቀረበች። ተከራካሪዎቿ ግን በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ከሌላው ፊርማ ላይ በግልባጭ ተስሎ የተወሰደ ነው አሉ። የሃርቫርዱ የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ፒርስና ልጁ ቻርልስ ለምስክርነት ተጠሩ። እነሱም በዓይን አይተን ፈረድን አላሉም፤ እውነተኛ መሆናቸው የታወቀ 42 የእመቤቲቱን ፊርማዎች ሰበሰቡ። ሁለት ሁለቱን እያጋጠሙ 861 ጥንድ አገኙ፤ በእያንዳንዱ ፊርማ ውስጥ ያሉትን 30 ወደ ታች የሚወርዱ ጭረቶች አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ለኩ። ከአምስት ጭረት አንዱ ያህል ብቻ ይገጥማል። በተከሰሰው ወረቀት ላይ ግን ሠላሳውም ገጠሙ! ፊርማው ሐሰተኛ መስሎ የታየው ባለመመሳሰሉ ሳይሆን ከልክ በላይ በመመሳሰሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1868 ጉዳዩን የወሰነው በሌላ የሕግ ምክንያት ነው፤ የኋላ ሊቃውንትም ፒርስ እያንዳንዱን ጭረት ከጎረቤቱ ጋር ምንም እንደማይገናኝ አድርጎ በመቁጠሩ ነቅፈውታል፤ አንዱን ጭረት ያጸና እጅ ተከታዩንም ያጸናዋልና። ይሁን እንጂ ዋናውን ነገር አስተውሉት። ፒርስ የሴትዮዋ እጅ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ያወቀው 42 ናሙና ስለ ነበረው ነው። አንድ ብቻ ቢኖረው ኖሮ ምን ሊል ይችል ነበር?

በባንክ መስኮት የተቀመጠው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ያለው ሁለት ወይም ሦስት የፊርማ ናሙና ነው፤ ያም ሒሳቡ በተከፈተ ቀን፣ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ ብዕር የተፈረመ ነው። ነገር ግን ያ ሠራተኛ በዓይኑ ውስጥ ያጠራቀመው ሌላ ሀብት አለው፤ በየዓመቱ ሲያያቸው የኖራቸው የሺህ ሰዎች ፊርማዎች። የሰው እጅ ሲቸኩል እንዴት እንደሚሆን፣ ሲታመም እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። ይህን ሀብት ለኮምፒዩተር መስጠት ነው እንግዲህ «ማስተማር» የሚባለው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት፣ ከነሱም አንዱ ዛሬ ስሙ በዓለም የታወቀው ያን ለኩን ነበር፣ አንድ ብልኀት አወጡ። በሁሉ ነገራቸው አንድ የሆኑ ሁለት የስሌት መረቦችን እንደ መንታ አጣመሩ። ለአንዱ አንድ ፊርማ፣ ለሌላው ሁለተኛ ፊርማ ይሰጡታል፤ መንታው የሁለቱን ርቀት ይናገራል። በሺህ የሚቆጠሩ ጥንዶች ይቀርቡለታል፤ «እነዚህ ሁለቱ ከአንድ እጅ ናቸው፤ እነዚህ ግን አንዱ ሐሰት ነው» እየተባለ ይታረማል፤ በታረመ ቍጥርም ውስጡን ያስተካክላል። ስለዚህ መኪናው የሚማረው ፊርማ ምን እንደ ሆነ አይደለም፤ የትኛው ልዩነት ቸል የሚባል፣ የትኛው ልዩነት የሚያስጠረጥር እንደ ሆነ ነው። ይህንንም የሚማረው ካሳዩት ጥንዶች ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም ምንጭ የለውም።

ይህን ካልን በኋላ የናሙናው ጉድለት ወዴት እንደሚወስድ ለማየት አስቸጋሪ አይደለም። ናሙናው ሁሉ በአንድ ቁጭታ የተፈረመ ከሆነ፣ መኪናው የሰው እጅ ከወር ወር እንደሚለወጥ አያውቅም፤ እውነተኛውን ባለቤት ይጠረጥራል። የሐሰቱ ናሙና ጉድለት ግን ከዚህ ይብሳል። ሐሰተኛ ፊርማ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የሌላ ሰው ፊርማ እንዲያው በዘፈቀደ የቀረበ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው አጭበርባሪው የሰውየውን ስም ሲያውቅ ፊርማውን ግን ሳያይ በግምት የጻፈው ነው። ሦስተኛው ፊርማውን አግኝቶ ሌሊቱን ሲለማመድ ያደረ ሰው የፈረመው ነው። በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትገዛ እናት ምን ታውቃለች? ቅቤን ከጎመን መለየትማ ማንም ይለየዋል። ጥበቡ ሙዝ የተደባለቀበትን ቅቤ መለየት ነው፤ ይህንንም የምታውቀው የተደባለቀውን አንድ ቀን በጣቷ ነክታ፣ በእሳት ላይ አቅልጣ ስላየችው ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ሐሰት ብቻ የተማረና የተፈተነ መኪና ቅቤን ከጎመን ለይቶ መቶ ከመቶ አገኘሁ የሚል ነው።

መቶ ከመቶ ካልን ዘንድ፣ ይህ ቍጥር በእርግጥ ተጽፏል። በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ የተሰበሰበው ሴዳር የሚባለው ናሙና 55 ፈራሚዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሰው 24 እውነተኛና 24 ሐሰተኛ ፊርማ ተመዝግቧል። በሕንድ አገር የተሰበሰበው ደግሞ 100 በቤንጋሊ፣ 160 በሂንዲ የሚፈርሙ ሰዎችን ይዞ ለእያንዳንዳቸው 24 እውነተኛና 30 ሐሰተኛ አለው። በ2017 የስፔንና የሕንድ ሊቃውንት ሲግኔት የሚባለውን መንታ መረብ በነዚህ ላይ ሞከሩት። በሴዳር ላይ 100 ከመቶ አገኘ። በቤንጋሊው 86፣ በሂንዲው 85 ያህል ሆነ፤ በስፔን በተሰበሰቡት የ300 ሰዎች ፊርማዎች ላይ ወደ 77 ወረደ። መረቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ናሙናው ነው። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን በአንዱ ስብስብ አስተምረው በሌላው ሲፈትኑት የታየው ነው፤ ውጤቱ በብዙ አሽቆለቆለ። ሃምሳ አምስት ሰው ማለት እኮ በእኛ አገር በአንድ የመማሪያ ክፍል ከሚታጨቀው ተማሪ የማይበልጥ ነው። አንድ ክፍል ተማሪ ተፈትኖ ሁሉም ቢያልፍ ስለ አገሩ ትምህርት ምን ያህል ይነገራል?

አስተማሪ በመሆኔ አንዲት ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ለፈተና የሚመጣውን ጥያቄ ቀድሞ በደብተሩ የሠራ ተማሪ የሚያገኘው ማርክ ዕውቀቱን አይለካም። መኪናውም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ፊርማው በማስተማሪያው ውስጥም በመፈተኛው ውስጥም ከገባ፣ መረቡ ያንን ሰው ሸመደደ እንጂ ፊርማ መመርመር አልተማረም። ሌላም ተንኮል አለ። እውነተኞቹ ፊርማዎች በአንድ ዓይነት ወረቀትና ብዕር፣ ሐሰተኞቹ በሌላ ወረቀትና ብዕር ከተሰበሰቡ፣ መረቡ እጁን ትቶ ወረቀቱን ይማራል። ኮምፒዩተር ቀላሉን መንገድ ሲያገኝ ከሰነፍ ተማሪ የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ ሶዶ እንመለስ። በአንድ የሶዶ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ፊርማ የሚመለከት ሰው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ እጆች ያያል። የመጀመሪያው በግዕዝ ፊደል የሚፈርመው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በወላይታ ቋንቋም ይሰጥ ነበር፤ ቋንቋው ያን ጊዜ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ሁለተኛው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በላቲን ፊደል የወላይታ ቋንቋ የተማረው ትውልድ ነው፤ እሱ ደግሞ አናባቢውን እየደጋገመ በሚጽፈው በቋንቋው ሥርዓትና በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መካከል ይመርጣል፤ አንዳንዱም በመታወቂያው ላይ በአንዱ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ በሌላው ይፈርማል። ሦስተኛው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ የሚያትመው ነው፤ እሱ ለፊርማ መርማሪ መኪና ምንም ጉዳይ የለውም፤ የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራውንና የዓይኑን ብሌን መዝግቦለታልና።

ከነዚህ መካከል ልቤን የሚነካው የመጀመሪያው እጅ ነው። የላቲን ፈራሚ ብዕሩን ሳያነሣ እንደ ወራጅ ውኃ ይጎትተዋል፤ ፊደል ግን እያንዳንዱ በየእግሩ የሚቆም ነው፤ ብዕሩ ይነሣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። በጎልማስነታቸው ፊደል የቆጠሩ እናት ሲፈርሙ ደግሞ ስማቸውን ሙሉውን፣ ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዷን ቀለበት እየዘጉ ይጽፉታል። መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ በየቦታው ብዕሩ ቆም ያለበት ነጥብ ይታያል። እንግዲህ አስቡት! የፊርማ መርማሪዎች በዓለም ሁሉ ሐሰትን የሚያውቁበት አንዱ ዋና ምልክት ምን መሰላችሁ? ዝግታ፣ መንቀጥቀጥና ብዕር ያለ ቦታው መቆሙ ነው። አስመሳይ ሰው የሌላውን መስመር ሲከተል እጁ ይዘገያልና። በቡፋሎ ወይም በስፔን በፈጣን እጆች የተማረ መኪና ይህንኑ ምልክት ይማራል፤ ልክም ነው፤ በዚያ ናሙና ውስጥ ዘገምተኛ መስመር ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ነውና። ያንኑ መኪና አምጥተን በሶዶ ብናቆመው ግን የእኒያን እናት የታመነ እጅ የሌባ እጅ ነው ይለዋል። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በመጡ ቍጥር እንደዚያ ይላቸዋል።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ወረቀት የራሱ ጠባይ አለው። ከላይ የጠቀስኋቸው ናሙናዎች ነጭ ወረቀት ላይ በተሠመረ ሣጥን ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ፊርማ ናቸው። የእኛ ፊርማ ግን ብቻውን አይኖርም። ከሥሩ የስምና የማዕረግ ቲተር ይመታል፤ ከላዩ ክቡ ማኅተም ያርፍበታል፤ ማኅተሙ ካላቋረጠው ደግሞ ደብዳቤው «ሕጋዊ አይመስልም» ተብሎ ይመለሳል። በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ያለችው ቦታ ጠባብ ስለ ሆነች የአንዱ ፊርማ እግር በሌላው ራስ ላይ ይወጣል። ሰማያዊ ቀለም በሰማያዊ ቀለም ላይ ሲያርፍ ሰው በልማድ ይለየዋል፤ በንጹሕ ወረቀት የተማረ መረብ ግን የማኅተሙን ክብ እንደ ፊርማው ክፍል ቆጥሮ ይመዝነዋል። በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ የሚፈረም ቢሆን የብዕሩ ፍጥነትና ግፊት ይመዘገብ ስለ ነበር ነገሩ ይቀል ነበር፤ ወረቀት ግን ቅርጹን ብቻ ነው የሚያስቀርልን።

አንዳንዱ «ስሕተቱ ጥቂት ከሆነ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። የቤል ላቦራቶሪውን መንታ እንውሰድ፤ እሱ የተሠራው በሰሌዳ ላይ ለሚፈረም ፊርማ ነበር። ከመቶ ሐሰት 80ውን እንዲይዝ ሲስተካከል፣ ከመቶ እውነተኛ 95 ተኩሉን ተቀብሎ የቀረውን ጥሏል። በአንድ መስኮት በቀን 200 ሰው ቢስተናገድ ዘጠኝ ንጹሕ ሰው ይመለሳል ማለት ነው። ማጥበቂያውን ቢያላሉት የሚመለሰው ያንሳል፤ የሚያልፈው ሌባ ይበዛል፤ ቢያጠብቁትም እንዲሁ በተቃራኒው። ይህን የሚወስነው መኪናው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ዘጠኙ በየቀኑ በዕጣ የሚወጡ ቢሆኑ እሺ፣ ዛሬ በእኔ ነገ በአንተ ብለን እናልፈው ነበር። ዕጣ ግን አይደለም። ናሙናው ውስጥ እጃቸው ያልነበረ ሰዎች፣ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ እነዚያው በጎልማስነታቸው የተማሩ ሰዎች፣ እየተመላለሱ ዘጠኙን ይሞሉታል። «ጠቅላላ ልክነቱ ይህን ያህል ነው» የሚለው ቍጥር ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አያሳየውም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ማንም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ መኪና ከመግዛቱ በፊት «ልክነቱ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «በማን እጅ ተማረ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የሶዶን እጆች የያዘ ናሙና መሰብሰብ የማይቻል ነገር አይደለም። ወላይታ ሶዶ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ኮምፒዩተር የሚያጠና ወጣትም አላት። የሚያስቸግረው የናሙናው ሕጋዊነት ነው። ባንክ በመሳቢያው ያለውን የደንበኞቹን የፊርማ ካርድ አውጥቶ ለመኪና ማስተማሪያ ላድርገው ሊል አይገባም፤ ባለቤቱ ካርዱን የሰጠው ለዚያ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም መረጃው ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል የሚያስብ ነው። በስፔን የነበረው ታላቁ ስብስብ እንኳ የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከወጣ በኋላ መሰጠቱ ቆሞ፣ በቦታው በኮምፒዩተር የተፈጠሩ የ4000 የሌሉ ሰዎች ፊርማዎች ቀርበዋል። የሌለ ሰው ፊርማ ማንንም አይጎዳም፤ ግን የሚመስለው የተቀዳበትን ሰው ነው፤ ከስፔናዊ እጅ የተቀዳ የሐሳብ ፊርማ ወላይታ ሊሆን አይችልም። (የተለማመደ ሐሰተኛ ፊርማ ለመሰብሰብ ለሚቸገር ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ የሰዓት ፊርማ መዝገብ ይበቃዋል፤ ላረፈደ ባልንጀራው የሚፈርም ሰው በአገራችን ጠፍቶ አያውቅምና!)

እንግዲህ ፈቃደኛ ሰብሳቢ ቢገኝ ተማሪዎቹን ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው የምለምነው፤ የሚቀለው እሱ ነውና፤ ከቡፋሎም ያመለጠው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከአንድ ሰው 24 ፊርማ የሚፈልግ ከሆነ በአንድ ቀን 24 ከማስፈረም ይልቅ በስድስት ቀን አራት አራት ያስፈርም፤ ቀኖቹንም በወራት ያራርቃቸው። ጥቂቱን በነጭ ወረቀት፣ ጥቂቱን በጠባቧ የደመወዝ መስመር፣ ጥቂቱን ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ያድርገው። ተቀምጠው የሚፈርሙትንም፣ በመስኮት ላይ ቆመው የሚፈርሙትንም ያካት። በገበያ ቀን ወደ ቦዲቲና ወደ አረካ ይውረድ። በዘመቻው ጊዜ ፊደል የቆጠሩት እናቶች ሲፈርሙ አያቻኩላቸው፤ አንዷ ፊርማ አንድ ደቂቃ ትወስዳለች፤ ስለዚህ ወንበርም ይዞ ይሂድ።